ከካትራሜው ሥር

ቀዩ የሚሉት መልኩ ቀይ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ወደ ጥቁርነት ያደላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በመኪና ሆድ ሥር ቆሞም ተጋድሞም ዝገት ሲፍቅ የኖረ ሰው ነውና፣ ብናኙ ቅንድቡ ላይ፣ ጆሮው ውስጥ፣ የሸሚዙ አንገትጌ ላይ ይሰፍርና ማታ ቤቱ ሲገባ ከሸክላ የተሠራ ይመስላል። ሚስቱ በተጋቡ ሰሞን «ሰው አገባሁ ብዬ ጡብ አግብቼ አረፍኩት» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስቃበታለች። እሱም ይስቃል። ነገር የማይወጣው፣ ሲናገርም ድምፁ የማይሰማ፣ ከሰው ጋር ከመጣላት መንገድ መቀየር የሚመርጥ ሰው ነው። በኋላ ለመጣበት መዘዝ ሁሉ የዳረገውም ይኸው ጠባዩ ነበር።

የሚኖሩበት ከተማ አፋፍ ላይ ነው። ከታች፣ ጎድጓዳው ውስጥ፣ የጨው ሐይቁ ተንጣሎ ይታያል። ከዚያ ወደ ከተማው የሚወጣው መንገድ ሰባት ጥምዝ አለው፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር። በዚያ መንገድ ጨው የሚያመላልስ ፒክአፕ ዕድሜው አጭር ነው። ከላይ ሲያዩት ቀለሙ ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ በካቻቢቴ ወጋ ሲያደርጉት እንደ ደረቅ ቅጠል ፍርክስ ይላል። ቀዩ ስለዚህ ሥራ አጥቶ አያውቅም።

ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ብረቱ ናቸው። ይህም ቅጽል ስም ነው፤ የተጨማደደ ላሜራ በጥፊ ያቃናሉ እየተባለ የወጣላቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ በከተማው ውስጥ እሳቸው ሳያዩት የሚበየድ የመኪና አጥንት፣ ማለትም ሻንሲ፣ አልነበረም። ቀዩን ገና ጢም ሳያወጣ ወስደው «ዝገት እንደ ሐሜት ነው፤ ከሸፈንከው ይብሳል» እያሉ አሠለጠኑት። መጀመሪያ መፋቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ፀረ ዝገቱን ቀለም መቀባት። ካትራሜው፣ ያ ጥቁሩ ሬንጅ፣ የመጨረሻ ነው። ሻንሲው ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ ማንም እንዳይደፍናቸው፤ ውሃ የገባበት ነገር ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ይህን በየቀኑ ይናገሩ ስለነበር ቀዩ በእንቅልፉ ሳይቀር ይወጣዋል።

እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጋራዡን ለቀዩ ለቀቁለትና እሳቸው በፒክአፓቸው ወደ ማመላለስ ዞሩ። ጠዋት አሥራ አራት ሴቶችን ወደ ጨው ማሸጊያው ያወርዳሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጥቂት ጆንያ ጨው ጋር መልሰው ያወጣሉ። ከአሥራ አራቱ አንዷ የቀዩ ሚስት ናት።

ያን ቀን ፒክአፑ ወደ ጋራዡ የመጣው ለቀላል ነገር ነበር፤ የኋላ ጭቃ መከላከያው ላልቶ ይንኳኳል። ጋሽ ብረቱ መኪናውን ከሥር ሆኖ የሚሠራበት ጉድጓድ ላይ አቁመው፣ «እስክትጨርስ ዓይኔን ላሳርፍ» ብለው የቢሮው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው።

ቀዩ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሁለት ብሎን አጠበቀ። ሥራው በዚሁ አልቆ ነበር። ነገር ግን ልማድ ሆኖበት፣ እንደ ሐኪም የበሽተኛን ጀርባ መታ መታ ሳያደርግ አይወጣምና፣ በትንሿ መዶሻ ሻንሲውን ከፊት ጀምሮ እየነካ ወደ ኋላ ሄደ። ደህና ብረት ይጮኻል። ይህም ከፊት ጮኸ፣ መሐል ላይ ጮኸ፣ ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት ባሌስትራው፣ ያ እንደ ቀስት የተለመጠው ብረት፣ የተያዘበት ጋ ሲደርስ ግን ዱብ አለ። ጆንያ እንደ መምታት ነው። ቀዩ እጁ ባለበት ቀረ።

ደግሞ መታው። የካትራሜው ቅርፊት እንደ ቁስል ገለባ ተገንጥሎ ትከሻው ላይ ወደቀ። ከሥሩ ብረት አልነበረም፤ ንብርብር የሆነ ቡናማ ነገር ነው፣ ጣት ሲነካው የሚረግፍ፣ በመሐሉ ጨዋማ ጭቃ የያዘ። በእጁ ጠረገው። ከታችኛው ጠርዝ የተነሣ ስንጥቅ ወደ ላይ ወጥቶ ከሻንሲው ጎን ግማሹን አልፏል። ወደ ቀኙ ዞሮ ያንንም ፈተሸ። ያም ጀምሯል።

ያስደነገጠው ስንጥቁ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የካትራሜው የብሩሽ መሥመር ከቀኝ ወደ ግራ የተሳበ ነው። በከተማው ውስጥ ካትራሜ የሚቀባ ግራኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ።

ትዝ አለው። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ጋሽ ብረቱ እየተጣደፉ መጥተው፣ «ነገ ለዓመታዊ ምርመራ አቀርባታለሁ፤ ዛሬ መፋቅ ምናምን አትበለኝ፣ ጥቁር አድርገህ ስጠኝ» አሉት። የሽቦ ብሩሹ እጁ ላይ ነበር። የተላጠውን አይቷል። «ጋሼ፣ ይህ ሳይፋቅ አይሆንም» ማለት ነበረበት። ከአፉ ግን አልወጣም፤ መምህሩን ማን ደፍሮ ያስተምራል። ቀባው። ቸኩሎ ስለነበር የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹንም ደፈናቸው። አፉንም ቀዳዳውንም አብሮ ዘጋ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከጆንያው የሚንጠባጠበው ጨዋማ ውሃ እየገባ፣ መውጫ አጥቶ፣ ብረቱን ከውስጥ ሲበላው ከርሟል።

ከጉድጓዱ ወጥቶ ጋሽ ብረቱን ቀሰቀሳቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ አይሂዱ። ሻንሲው ተሰንጥቋል።»

«የቱ ጋ?»

«ባሌስትራው መያዣ ጋ። በሁለቱም በኩል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉና ጉድጓዱ አፍ ድረስ መጡ፤ ወደ ውስጥ ግን አልወረዱም። ጉልበታቸው አያወርዳቸውም። ምናልባትም ማየት አልፈለጉም።

«ስንጥቅ የሌለው አሮጌ መኪና አይተህ ታውቃለህ?»

«ይሄ እንደዚያ አይደለም። ጭነት ካበዙበት ይታጠፋል።»

«ጠዋት አውርጃቸዋለሁ እኮ። ጠዋት ያልታጠፈ አሁን ለምን ይታጠፋል?»

«ጠዋት ቁልቁለት ነው። አሁን ዳገት ነው፣ ጆንያም አለ። ነገ ከፍቼ ልየው። ለዛሬ ሌላ መኪና እንፈልግ።»

«በዚህ ሰዓት ከየት?»

ቀዩ ስልኩን አወጣ። አይሱዙ ያለው ጎረቤታቸው ጋ ደወለ፤ ሌላ ከተማ ነኝ አለው። ሚስቱ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። ማሸጊያው ውስጥ ስልክ አይፈቀድም፣ ጠዋት በር ላይ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። የዘበኛውም አይነሳም። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሆነ፤ ጋሽ ብረቱም መሪው ጋ ተቀምጠው ሞተር አስነሡ።

ቀዩ ከፊት ቆመ።

«ጋሼ።»

«ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ቆመው ውለው በእግራቸው ይምጡ ነው የምትለው? ሚስትህም እዚያው ናት። ወይ ዞር በል፣ ወይ ግባ።»

ዞር ማለት አልሆነለትም። እንደ ሌላ ጊዜ ቢሆን መንገዱን ይለቅ ነበር። በሩን ከፍቶ ከጎናቸው ገባ። ኪሱ ውስጥ ያሉት ትንሿ መዶሻና ላሜራ ላይ ምልክት የሚያደርግባት ነጭ ጠመኔ ብቻ ናቸው።

ሲወርዱ ቀዩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። በየጥምዙ ከመኪናው ሆድ ሥር የሆነ ነገር ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ቂርቂር ይላል። ጋሽ ብረቱም ይሰማቸዋል፤ ቀጥ ብለው መንገዱን እያዩ መሪውን የያዙበት ጣታቸው ነጭ ሆኗል። አንዴ ብቻ፣ አራተኛው ጥምዝ ላይ፣ «ጭቃ መከላከያው ነው» አሉ።

ማሸጊያው ግቢ ሲደርሱ አሥር ጆንያ ጨው ተደርድሮ ይጠብቃል። ቀዩ አፉን ሳይከፍት ጫኞቹ ካሶኒው ላይ፣ ከኋላ ጭነት በሚያርፍበት፣ ወረወሩት። ወዲያው ሴቶቹ ወጡ። ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጭ ሆኗል፤ እየተሳሳቁ ቀሚሳቸውን ያራግፋሉ። ከፊት የምትመጣው ሁሉም ምክትል የሚሏት ግዙፍ ሴት ናት። የማን ምክትል እንደሆነች የሚያውቅ የለም፤ ግን እሷ ቆጥራ ሙሉ ነን ሳትል መኪናው አይንቀሳቀስም።

የቀዩ ሚስት ባሏን ስታይ ደነገጠች። «ምን እግር ጣለህ? ቤት ደህና ነው?»

«ደህና ነው። መኪናዋ ላይ አትውጡ። ሻንሲዋ ተሰንጥቋል።»

ጋሽ ብረቱ በመስኮቱ በኩል፣ «እሱ ዝገት ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ታውቁት የለም» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ሁለቱ የጎማውን ጫፍ ረግጠው መውጣት ጀመሩ። ሚስቱ ወደ ጆሮው ተጠግታ፣ «በሰው ፊት ጋሼን አታሳፍራቸው፤ ቆይተህ ለብቻቸው ንገራቸው» አለችው።

ቀዩ ድምፁ እንደማይበቃ ገባው። ሄዶ ምክትልን በክንዷ ያዛት፤ በዕድሜው ሙሉ የሌላ ሰው ሚስት ክንድ ይዞ አያውቅም።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይዩልኝ። ካዩት በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ።»

ከኋላው ጎማ ፊት ተንበርክኮ፣ ስንጥቁ ላይ በጠመኔ አግድም አንድ ቀጥ ያለ መሥመር አሰመረ። ምክትልም ጎንበስ አለች።

«መሥመሩ ቀጥ ያለ ነው አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲህ እነዚያ ሁለቱ ውጡ ይበሏቸው። መኪናው ቆሟል፣ አይነዳም፣ ምንም አይሆኑም።»

ሁለቱ ወጡ። መሥመሩ መሐሉ ላይ ተሰበረ፤ ግማሹ ወደ ታች ወረደ። ሌሎች ሁለት ሲጨመሩ ስንጥቁ አፉን ከፈተ፣ ዝገቱ እንደ ዱቄት እየተንሿሿ ፈሰሰ። ሴቶቹ ምን እንደሚታይ ስላላወቁ ላይ ሆነው ቦታ ይጣላሉ፤ በእያንዳንዷ እንቅስቃሴ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ውረዱ» አለች ምክትል። ጮኻ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ወረዱ።

ከዚያ ቀና ብላ ቀዩን አየችው። «ይህን የሚያህል ነገር እስከዛሬ እንዴት ሳይታይ ቀረ?»

«ካትራሜ ተቀብቶበት ነበር።»

«ማን ነው የቀባው?»

ጋሽ ብረቱ ከመኪናው ወርደው በሩን ይዘው ቆመዋል። ሚስቱም ቆማለች። ቀዩ የሚያይበት አጣና እጁ ላይ ያለችውን ጠመኔ አየ።

«እኔ ነኝ። ከሥሩ ዝገት እንዳለ እያየሁ ነው የሸፈንኩት።»

ሚስቱ በየቀኑ እዚያ ላይ ስትቀመጥ ሁለት ዓመቷ ነው። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ቀዩ እስከ ዛሬ ስም አላገኘለትም፤ ቁጣ ብቻ ቢሆን ይቀለው ነበር።

ጋሽ ብረቱ እንደገና ገቡና በሩን ዘጉት።

«ጆንያዎቹን እናውርድ፣ መኪናውን እዚህ እንተወው» አላቸው ቀዩ።

«ጨው ሰው አይደለም፤ ቢወድቅ አይሞትም።»

«እርስዎ ሰው ነዎት፣ ጋሼ።»

መኪናው ተነሣ። በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ፣ ወደ ዳገቱ አቀና። የተዋረደ ሽማግሌን ማን ያቆመዋል። ቀዩ ከመንገዱ ዳር የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ከኋላ ተከተለ። ለሴቶቹም፣ «ራቅ ብላችሁ፣ ተራራውን ተጠግታችሁ ኑ» አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰማ።

አንደኛው ጥምዝ፣ ሁለተኛው። ድንጋዩ ክንዱን ገነጠለው። ካሶኒውን ያያል፣ ጎማውን ያያል፤ በካቢናውና በካሶኒው መሐል ያለው ክፍተት ከላይ እየጠበበ መሄዱን ያያል። ሦስተኛው ላይ ሁለት ጣት ነበር፣ አራተኛው ላይ አንድ። አንድ ሁለቴ «ይበቃል፣ ያቁሙት» ብሎ ጮኸ። በመስተዋቱ ውስጥ ዓይናቸው ይታየዋል፤ ሰምተዋል።

አምስተኛው ጥምዝ ላይ፣ ዳገቱ በጣም ቀጥ በሚልበት፣ ክፍተቱ ጠፋ። ካቢናውና ካሶኒው ተጋጩ፣ ከዚያ እንደ ደረቅ ግንድ ጓ ብሎ መኪናው መሐል ወገቡ ላይ ታጠፈ። ሆዱ መሬት ወረደ። የፍሬን ቱቦው ተበጥሶ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ተረጨ። ለአንድ አፍታ ባለበት ቆመ። ቀጥሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ አስፋልቱን እየፋቀ፣ ብልጭታ እየተፋ።

ቀዩ ሮጦ ወደ መኪናው ሄደ እንጂ አልሸሸም። ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር ጣለው። ጎማው ድንጋዩ ላይ ወጣ፣ ረገጠው፣ ድንጋዩ ተፈንጥሮ ገደሉ ገባ። ከኋላው ሴቶቹ ተራራው ላይ ተለጥፈዋል። «መሪውን ወደ ተራራው!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ብረቱ ፍሬን የሌለው ፔዳል እየረገጡ መሪውን በሙሉ ክብደታቸው አዞሩት። ሁለተኛ ድንጋይ ከየት እንደመጣ አላየም፤ አንድ እጅ ከጎኑ አልፎ ጎማው ሥር ወተፈው። የሚስቱ እጅ ነው። ጎማው ለመውጣት ሞከረ፣ አልቻለም፣ ወደ ጎን ዞረ፣ የካሶኒው ጫፍ የተራራውን ቦይ አግኝቶ ተሰካ። ጆንያዎቹ ተቀድደው ጨው መንገዱን አለበሰው። ቆመ።

ጋሽ ብረቱን በመስኮት አወጧቸው። የግራ እጃቸው አንጓ ከመሪው ጋር ተጣሞ ተሰብሯል። መንገድ ዳር ተቀመጡና ለሁለት የታጠፈ መኪናቸውን ሲያዩ ቆዩ። ምክትል ሴቶቹን ቆጠረች። ሙሉ ነበሩ።

ቀዩ ለሦስት ቀን ሥራ አልገባም። ሚስቱ ለሁለት ሳምንት ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችውም፤ ምግብ ታቀርባለች፣ ትተኛለች። አንድ ማለዳ ጫማዋን እያሰረች፣ «ለእኔ እንኳን መንገር አቅቶህ ነበር?» አለችው። «ረስቼው ነበር» አላት። እውነቱን ነው፤ ከዚህ የባሰ መልስ ግን እንደሌለ ሁለቱም ያውቁታል።

ከአደጋው በኋላ በአራተኛው ቀን ቀዩ ጋሽ ብረቱ ቤት ሄዶ ነበር። እጃቸው በጀሶ ታስሮ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«በሴቶቹ ፊት አዋረድከኝ» አሉት።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ደግ አደረግህ።» ቀጥለው ደግሞ፣ «ያኔ ቀባ ስልህ ነበር ማዋረድ የነበረብህ። ለምን ዝም አልከኝ?»

«እርስዎ ስላዘዙኝ።»

«እኔ ብዙ ነገር አዝዣለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ ቸኩዬ ነበር፣ ምርመራው ያስጨንቀኝ ነበር።» ጀሶውን ጉልበታቸው ላይ አመቻቹት። «ሌላስ? እንደዚያ የቀባኸው ሌላ መኪና አለ?»

ቀዩ በልቡ ሲቆጥር ቆየና፣ «አሥራ አንድ» አላቸው።

«እንግዲህ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

በዚያው ሳምንት ፍለጋ ጀመረ። ከሥራ በኋላ መዶሻዋን ይዞ በየሰዉ በር ይሄዳል፤ «የዛሬ ይህን ያህል ጊዜ የቀባሁልዎትን መኪና በነፃ ላየው ብዬ ነው» ይላል። አንዱ ሰውዬ ሌባ መስሎት ውሻ ለቀቀበት። ሌላው «ሥራህ ተንኮል ከነበረ አሁን ማን ያምንሃል» ብሎ በሩን ዘጋበት፤ በማግስቱ ግን ራሱ መኪናውን ይዞ መጣ። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ ደህና ሆነው ተገኙ፤ ፍቆ፣ አጥቦ፣ ቀዳዳቸውን ከፍቶ መለሳቸው። ሦስቱ የተበላ ብረታቸው ተቆርጦ እንደገና ተበየደ። አንዱ ድሮ ተበታትኖ ተሸጧል።

ማሸጊያው ለሴቶቹ አውቶቡስ መደበ። ምክትል የፊት ወንበር ይዛለች። ጋሽ ብረቱ እጃቸው ሲድን አልፎ አልፎ ወደ ጋራዡ ይመጣሉ፤ ወንበር ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጡና ቀዩ ሲቀባ ይቆጣጠሩታል። አሁን ግን ቀዩም ይመልስላቸዋል። አንዳንድ ቀን ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል፤ አላፊው የተጣሉ ይመስለዋል።

አሥራ አንደኛው ነጭ ፒክአፕ ነው። ባለቤቱ ሸጦት፣ የገዛውም ሌላ ሰው ሸጦት፣ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፍቷል። ቀዩ ገበያ ሲሄድ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ነጭ ፒክአፕ ቆሞ ካየ ያጎነብሳል። ሚስቱ ዕቃዋን ይዛ ትጠብቀዋለች። «ሰው ቀና ብሎ ሰላም ይባባላል፤ ይሄ ደግሞ ጎማ እየተሳለመ ነው» ትላለች፣ አሁን አሁን እየሳቀች። እሱ ጉልበቱን አራግፎ ይነሣና፣ «እሱ አይደለም» ይላታል፤ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።